ላልሞተ ሰው ሦስት መቶ ለቀስተኛ

1

እውነት ነው።

ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ ድረስ እውነት ነው። ከዚህ በታች ካለው ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ውሸት ሆና ብትገኝ ስልኬ ዕድሜ ልኩን ቻርጅ አይያዝ፤ የነካሁት ኔትዎርክ ሁሉ ይጥፋ፤ የድሬዳዋ ፀሐይ ከሰው ሁሉ ለይታ እኔን ብቻ ትምታኝ። ከዚህ በላይ መሐላ የሚፈልግ አንባቢ ካለ ሱቄ ድረስ ይምጣ፤ ፊት ለፊት ቆሜ እምልለታለሁ።

ምስክርም አለ።

ሦስት መቶ ምስክር።

2

ስለ አጻጻፉ አንዲት ነገር ልበል።

የታሪኩ ጀግና ማንያዘዋል ይባላል። ማንያዘዋል ማለት እኔ ነኝ። ታዲያ ለምን «እኔ» እያልክ አትጽፍም ትሉኛላችሁ። ሞክሬዋለሁ። «እኔ» የምትባለው ቃል ሁለት ፊደል ናት፤ ጠባብ ናት፤ ማንያዘዋልን የሚያህል ሰው ላስገባባት ስል ስፌቷ ተተረተረ። «ማንያዘዋል» ግን ስድስት ፊደል ነው፤ ክንዱን ዘርግቶ፣ እግሩን አጣጥፎ ይቀመጥበታል። ስለዚህ ከአሁን በኋላ እሱ እሱ ነው። እኔ ጸሐፊው ብቻ ነኝ።

ሌላ። ቁርጥራጮቹ ቁጥር አላቸው። ቁጥሩ እዚህም እዚያም ቢዘል «ገጽ ጎደለኝ» ብላችሁ እንዳትነጫነጩ። የጎደለ ነገር የለም። ታሪኩ ትልቅ ስለሆነ በትንሽ ቁጥር መራመድ አይወድም።

3

ድሬዳዋ። ብሎክ ዘጠኝ የሚባል የጋራ መኖሪያ ሕንፃ። አራት ፎቅ ወደ ላይ፣ ሊፍት የሚባል ነገር የለም።

ከማንያዘዋል በፊት በዚህ ሕንፃ ውስጥ ሰው ሰውን አያውቅም ነበር። ግድግዳ ተጋርቶ የሚኖር ሕዝብ፣ አንዱ የሌላውን ሳል ለይቶ ያውቃል፣ ስሙን ግን አያውቅም። «ያቺ ሁለተኛ ፎቅ የምታስለው።» «ያ በሩ ላይ ሰማያዊ ሸበጥ የሚያስቀምጠው።» ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ጉራጌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ወላይታው፣ ሁሉም ከየበሩ ጀርባ ሆኖ በየቋንቋው አንድ ነገር ያጉረመርማል፦ «ውኃ ሄደች።»

አንድ ቀን ማንያዘዋል ሕንፃው በር ላይ ካለችው የሞባይል ዕቃ ሱቁ (ማለትም ከምሥራቅ አፍሪካ ታላቁ የስልክ ሽፋንና የቻርጀር ማዕከል) ተቀምጦ ሳለ፣ አንዲት ሴት የጋዝ ሲሊንደር ብቻዋን ደረጃ ለደረጃ ስትጎትት አየ። ኢፍቱ ናት፤ የሦስተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ። ማንያዘዋል ወገቡን ያመው ስለነበር ተነስቶ አልተሸከመላትም። ከዚያ የበለጠ ነገር አደረገ። ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈተ።

ስሙን «ብሎክ ዘጠኝ ክፉ ደግ» አለው። የመጀመሪያው መልእክት፦ «ሲሊንደር የሚሸከም አለ?» የሚል ነበር። ሦስት ወጣቶች ከሦስት በር ወጡ።

ዓለም እንዲህ ነው የተቀየረው።

አድሚን፦ ማንያዘዋል።

ምክትል አድሚን፦ አላስፈለገም።

ኢፍቱን ግን ያዟት። ከተመሠረተበት ቀን ጀምሮ ግሩፑ ውስጥ ከአንድ ቃል በላይ ጽፋ የማታውቅ ሴት ናት። ቃሏም «እሺ» ናት።

4

ከግሩፑ የተቀነጨበ፦

ሲስተር ወይንሸት፣ አንደኛ ፎቅ፦ ዛሬ ሆስፒታል ተረኛ ነኝ። ልጄን የሚይዝልኝ?

ኢፍቱ፦ እሺ

አብዲ ባጃጅ፦ ሶማሊኛ የሚያነብልኝ ሰው። አማቴ መልእክት ልካልኛለች። ስድብ ይሁን ምርቃት አልለየሁም።

ሐሊማ፣ ሁለተኛ ፎቅ፦ ላከው።

ሐሊማ፦ ምርቃት ነው። መጨረሻ ላይ ግን አንዲት ስድብ አለች።

አብዲ ባጃጅ፦ እሷን ተያትና ምርቃቱን ንገሪኝ።

ማንያዘዋል (አድሚን)፦ ሶማሊኛን ጨምሮ ሰባት ቋንቋ አነባለሁ። አሁን ግን ሥራ ላይ ነኝ።

አብዲ ባጃጅ፦ አቦ ተወና!

ሐሊማ፦ መሰላል ያለው?

ሲስተር ወይንሸት፦ እኔ ጋ አለ። አንድ እግሩ ግን አጭር ነው።

አብዲ ባጃጅ፦ የሚይዝልሽ ሰው ከፈለግሽ እኔ መጣሁ። የኔ እግር እኩል ነው።

ትንሽ ነገር ነው ትሉ ይሆናል። መሰላል፣ ስኳር፣ ልጅ መያዝ። እስቲ አንድ ቀን መሰላል አጥታችሁ ጨለማ ቤት ተቀመጡ፤ ከዚያ ትንሽ በሉት።

10

የግሩፑ ደንብ (ያወጣው ማንያዘዋል፤ ያጸደቀው ማንያዘዋል)፦

ፖለቲካ ክልክል ነው።

«ደህና አደራችሁ» የሚል የጽጌረዳ ሥዕል በቀን አንድ ብቻ።

የለመነ አይናቅ፤ የሰጠ አይኩራራ። አድሚኑን አይመለከትም።

«ማነው ሙዚቃውን የከፈተው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። «እኔ ነኝ» ብሎ የመለሰ ጀግና ግን እስካሁን የለም።

ስለ ፎቶ ደንብ አልወጣም።

ያቺን ክፍተት ያዟት።

11

አራተኛ ፎቅ። ደረጃው ሲያልቅ በግራ በኩል። ጋሽ ዘውገ።

ልብ በሉ፣ ድሬ ላይ «አንቱ» የሚባለው ነገር ከባቡሩ ጋር መጥቶ በሙቀቱ ተንኖ ጠፍቷል። ሰማንያ ዓመት ቢሞላህም «አንተ» ነህ። ስለዚህ «ጋሽ ዘውገ አለ፣ ጋሽ ዘውገ ሄደ» ብዬ ብጽፍ ንቀት አይደለም። አገሩ ነው።

ጋሽ ዘውገ ስልክ በእጅ እየተሰካ በሚገናኝበት ዘመን የድሬዳዋን ሰው እርስ በርስ ሲያገናኝ የኖረ ሰው ነው። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው። ጉልበቱ ከዳው፤ ከወረደ መውጣት ስለማይችል መውረዱን ተወው። ያለችው ቁልፏ የተላላጠ ትንሽ ስልክ ናት፤ ቴሌግራም የሚባል አታውቅም። ስለዚህ ግሩፑ ውስጥ የለም። ሁሉን ሲያገናኝ የኖረ ሰው፣ ሁሉ ሲገናኝ ከመስመር ውጪ ቀረ።

«ድሮ» ይላል፣ «ሰው ደውሎ ‹ሴንትራል› ይለኛል። ‹የእገሌን ቤት ስጠኝ።› እሰጠዋለሁ። ከሥራ ስወጣ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ልገዛ እሄዳለሁ፤ ሻጯ ‹ና ልመርቅልህ› ስትል ድምጿን አውቃታለሁ። ባሏ ከጅቡቲ መቼ እንደሚመለስ ከእሷ ጋር ሰምቻለሁ። እሷ ግን ፊቴን አታውቀውም። ምን ብዬ ሰላም ልበላት?»

ማንያዘዋል በየጠዋቱ ሱቁን ሳይከፍት አራተኛ ፎቅ ይወጣል። ለሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ። እዚያ ላይ ኔትዎርኩ ስለሚሻል ነው። የግሩፑን የጠዋት መልእክት ለመልቀቅ ጥሩ ሲግናል ያስፈልጋል፤ ታላላቅ ድርጅቶችም ማማቸውን የሚተክሉት ከፍታ ላይ ነው። በሩ መንገዱ ላይ ስለሆነ በጣቱ ኳ ኳ ያደርግና «ጋሼ፣ ስልክህ ቻርጅ አደረገች?» ይለዋል። «አደረገች» ይላል ጋሽ ዘውገ። ማንያዘዋል ይወርዳል።

ይኼው ነው። ወደ ዋናው ነገር እንለፍ።

30

አንድ ዓርብ ጠዋት ማንያዘዋል ጋሽ ዘውገ በር ላይ ቆሞ ሳለ የሽማግሌው ስልክ ጮኸች። ከአዳማ ነው፤ ሠናይት፣ የጋሽ ዘውገ አንድ ልጅ። ጆሮው ስለደከመ ድምፅ ማጉያው ክፍት ነው። ቃል በቃል እነሆ፦

ሠናይት፦ አባዬ፣ እሑድ መኪና ይዤ እመጣለሁ። ልብስህን አዘጋጅ።

ጋሽ ዘውገ፦ ለምን?

ሠናይት፦ ተነጋገርን እኮ! ከእኔ ጋር ትኖራለህ። ቤቱን እናከራየዋለን።

ጋሽ ዘውገ፦ አንቺ ቀኑን ሙሉ ሥራ ነሽ። ልጆቹ ትምህርት ቤት። እዚያ መጥቼ ከማን ጋር ልኖር ነው? ከቴሌቪዥኑ ጋር?

ሠናይት፦ እዚያስ ከማን ጋር ነህ?

ጋሽ ዘውገ፦ እዚህ ደረጃው ሲረገጥ እሰማለሁ።

ሠናይት፦ ደረጃ ሰው አይደለም፣ አባዬ። እሺ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንድ ቀን ጠዋት ሳትነሳ ብትቀር ማን ያውቃል? አንድ ሰው ጥራልኝ። አንድ። ከጠራህልኝ፣ በእናቴ አጥንት ይሁንብኝ፣ ባዶ መኪናዬን ይዤ እመለሳለሁ።

ጋሽ ዘውገ፦

ሠናይት፦ አባዬ?

ጋሽ ዘውገ፦

ማንያዘዋል፦ እኔ አለሁ!

ሠናይት፦ ማነው ደግሞ እሱ?

ማንያዘዋል፦ ማንያዘዋል እባላለሁ፣ እህቴ። የክፉ ደግ አድሚን።

ሠናይት፦ ምንድን ነው ክፉ ደግ?

ማንያዘዋል፦ ሕዝባዊ ድርጅት ነው። ስድስት መቶ አባላት አሉን። አምቡላንስ ልንገዛ ነው።

ሠናይት፦ አባዬ፣ ይኼ ሰውዬ ጤነኛ ነው?

ጋሽ ዘውገ፦ ስልክ የሚጠግን ልጅ ነው።

ሠናይት፦ እሑድ እመጣለሁ።

ዘጋችው። ጋሽ ዘውገ ስልኳን ገለበጣት፣ ደግሞ መለሳት። «አዳማ መጥፎ አገር አይደለም» አለ። ሰው መጥፎ አይደለም ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ነገሩ ይኼው ነው። አንድ ስም። ካልተገኘ እሑድ አራተኛ ፎቅ ላይ ሌላ ቁልፍ ይንጠለጠላል።

31

ሌላ ሰው ቢሆን ይጨነቅ ነበር። ማንያዘዋል አቀደ።

ቅዳሜ ከሰዓት አራተኛ ፎቅ ወጣ።

«ጋሼ፣ ሱፍህ የት አለ?»

«የቱ ሱፍ?»

«የሠርግህ ይሁን የጡረታህ። ክራቫት ያለው።»

ለበሰ። ክራቫቱን ማንያዘዋል አሰረለት፤ አገር የሚያስተዳድሩ ሰዎች የሚያስሩትን ዓይነት ቋጠሮ ነው። ወንበር ላይ አስቀመጠው።

«ፈገግ ልበል?»

«እንዳታደርገው!»

ፎቶውን አነሳ። ጥቁርና ነጭ አደረገው። ዳር ዳሩን ቀጭን ጥቁር መስመር ጨመረበት። ግሩፑ ላይ ለቀቀው።

ጽሑፍ የለውም። አንድም ቃል። ስለዚህ «ማንያዘዋል ዋሸ» የሚል ካለ፣ ምን ብሎ እንደዋሸ ያሳየኝ።

አንተስ፣ አንባቢ? ስንት ግሩፕ ውስጥ አለህ? የቤተ ዘመድ፣ የመሥሪያ ቤት፣ የተማሪ ቤት ጓደኞች። ሱፍ የለበሰ ሽማግሌ ያለ ጽሑፍ ብቅ ሲልብህ ጣትህ ምን ይጽፋል?

100

ነፍስ ይማር።

ነፍስ ይማር።

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ነፍስ ይማር። ማናቸው ግን?

ጌታ ያጽናናችሁ።

ነፍስ ይማር።

የስንተኛ ፎቅ ናቸው?

አራተኛ መሰለኝ። የሚያስሉት።

የማስለው እኔ ነኝ! በሕይወት አለሁ።

ይቅርታ። ነፍስ ይማር።

ሲስተር ወይንሸት፦ በጣም ጨዋ ሰው ነበሩ።

አብዲ ባጃጅ፦ አንድ ቀን ሐኪም ቤት አድርሻቸዋለሁ። «ቀስ በል ልጄ» እያሉ መረቁኝ። ምነው በተነገረን!

ነፍስ ይማር።

ነፍስ ይማር።

ልብ ብላችኋል? ትናንት ያልነበረ ሰው ዛሬ «ነበሩ» ሆነ። ደግሞም «አንቱ» ሆነ። ድሬ ላይ «አንቱ» ለመባል መሞት ያስፈልጋል ማለት ነው።

200

ለቅሶ እንዲህ ይኬዳል።

ያለህን ጥቁር ልበስ። ጥቁር ከሌለህ የቆሸሸ አይባልም፣ ጠቆር ያለ ይባላል። ደረጃው ሥር ስትደርስ ሳቅህን ጨርስ። በሩ ላይ ቤተ ዘመዱ ማን እንደሆነ ካልለየህ አብዝቶ የሚያለቅሰውን እቀፍ። ግባ። ተቀመጥ። ዝም በል። ንፍሮ ሲመጣ እፍኝህን ዘርጋ። ስለ ሟቹ ከጠየቁህና ካላወቅኸው «ሰው አክባሪ ነበር» በል፤ እስከዛሬ በዚህ ተሳስቶ የታረመ የለም።

ሟቹ ራሱ በሩን ከከፈተልህ ግን

300

እሑድ ጠዋት።

ሦስት መቶ ሰው። አራት መቶ የሚሉ አሉ፤ ማንያዘዋል ትሕትና ስለሚወድ ሦስት መቶ ይላል። ድንኳን ከሁለት እድር መጣ፤ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ እድር «እኛ እንትከል፣ እኛ እንትከል» ሲባባሉ ገመድ ተጎተተ፤ ኋላ አንዱ ካስማውን ያዘ፣ ሌላው ሸራውን። ባጃጆች ከለገሃር እስከ ብሎክ ዘጠኝ ተሰለፉ። ንፍሮው የተቀቀለበት በርሜል ሰው ያስቀምጥ ነበር።

መጀመሪያ ደረጃውን የጨረሰው አብዲ ነው። አንኳኳ። በሩ ተከፈተ። ጋሽ ዘውገ፣ በሱፍ።

«ማን ሞተ?» አለ ጋሽ ዘውገ።

አብዲ በጣቱ አመለከተው። «አንተ» አለ።

«መቼ?»

«ትናንት ከሰዓት።»

«ታዲያ ለእኔ ማንም አልነገረኝም እኮ!»

ሲስተር ወይንሸት ሰው ገፍታ ገባች፣ የእጁን አንጓ ያዘች። ደረጃው ላይ ያለው ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

«አለ» አለች።

«ምኑ?»

«ሁሉም ነገር። በደንብ ይመታል።»

አሁን ችግሩ፣ ለቅሶ የመጣ ሰው ሳይቀመጥ አይመለስም። ሟች የለም ተብሎ ንፍሮ አይደፋም። ስለዚህ ሦስት መቶው ሰው በየተራ ገባ፣ ተቀመጠ፣ እፍኙን ዘረጋ። ሐሊማ ያዘጋጀችው የለቅሶ ቃል ስለነበራት ፊት ለፊቱ ተናገረችው። «ሰው አክባሪ ነበር» አለች። «ነኝ» አለ ጋሽ ዘውገ።

ከዚያ እሱ ጀመረ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ በድምፅ እያወቀ። «አንተ ነህ ደረጃውን ሁለት ሁለት የምትዘለው። አንቺ ነሽ ልብስ ስታጥቢ የምትዘፍኚው፤ ሁለተኛውን ስንኝ ሁልጊዜ ትረሺዋለሽ። አንቺ ደግሞ በር ላይ ቆመሽ ቁልፍ ስትፈልጊ ‹ያ ረቢ› የምትዪው።» ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ዓመታት ሙሉ ሲሰሙ የኖሩ ጆሮዎች ከላያቸው ነበሩ፤ ማንም አላወቀም።

ስም ተነጋገሩ። ግድግዳ የሚጋሩ ሰዎች «ማን ልበል?» ተባባሉ።

301

ሠናይት ስትደርስ ድንኳኑን አየች። ከመኪናዋ ሳትወርድ ጩኸቷ አራተኛ ፎቅ ደረሰ። ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው እሷም አታውቅም።

«አባዬ!»

«እዚህ ነኝ። ነይ ንፍሮ ብዪ።»

መጀመሪያ አቀፈችው፣ ቀጥላ ልትሰድበው ቃል ፈለገች፣ ቀጥላ ክፍሉን አየች። ከአልጋው እስከ ደረጃው ድረስ ሰው።

በዚህ ጊዜ ማንያዘዋል ተነሳ። ንግግሩን ለማሳጠር ተገደደ፣ አለቀሱበት። ዋናው ሐሳቡ ይህ ነበር፦

«እህቴ፣ አንድ ስም ብለሽ ነበር። ይኸው ሦስት መቶ። ምረጪ።»

ጭብጨባው ቀፊራ ድረስ ተሰምቷል። የገበያ ሴቶች «ምንድን ነው?» ብለው ሚዛናቸውን አስቀምጠዋል። ሠናይት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ይቅር» አለች። «አባዬ እዚሁ ይቅር።»

ባዶ መኪናዋን ይዛ ተመለሰች።

1000

ጨዋታውን ለአፍታ ልተወውና።

ለሞተ ሰው ደረጃ አይረዝምም። ጉልበቱን የሚያመው ሰው እንኳ ለቅሶ ሲሆን አራተኛ ፎቅ ይደርሳል። በሕይወት ላለው ሰው ግን ያው ደረጃ ይረዝማል፤ ነገ እንወጣዋለን፣ ሲመቸን እንወጣዋለን እንላለን። ለምን እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ። ሙት አያስቸግርም፤ አንድ ጊዜ ሄደህ ትገላገላለህ። ሕያው ሰው ግን ነገም አለ። ነገ ደግሞ መሄድ ሊኖርብህ ነው።

ግሩፑም እንደዚያው ነው። «ነፍስ ይማር» ለመጻፍ አንድ ጣት ይበቃል። በር ለማንኳኳትም የሚፈለገው አንድ ጣት ነው። መሃላቸው ያለው ደረጃው ብቻ ነው።

አሁን ይህን ታሪክ ከአንድ ጀምሮ እስከዚህ ድረስ «ክፉ ደግ» ላይ ለጥፌዋለሁ። የነበረ ሰው ይመስክር ብያለሁ።

አብዲ የሚስቅ ፊት ላከ። ሲስተር ወይንሸት አውራ ጣት።

ከዚያ ስክሪኑ አናት ላይ፦

ኢፍቱ እየጻፈች ነው…

 

ኢፍቱ እየጻፈች ነው…

 

 

ኢፍቱ እየጻፈች ነው…

 

«እሺ» ለመጻፍ ይህን ያህል አይፈጅም።

14

ኢፍቱ፦ የዚህ ክፍል ትክክለኛ ቁጥር አሥራ አራት ነው። ቆጥሬዋለሁ።

ማንያ፣ ደህና ነህ? ጥሩ ጽፈሃል። እየሰፋሁ ሐሊማ ስታነብልኝ ስቄያለሁ። ግን እንደዚያ አልነበረም።

ሠናይት የደወለች ቀን አንተ አልነበርክም፤ ኋላ ሰምተህ ነው። እኔ ነበርኩ፣ ዳቦ ላደርስለት ገብቼ። ስም ጥራልኝ ስትለው ወደ እኔ አየ። ሰው ማስቸገር አይወድም፤ ስሜን አልጠራም። እኔም «አለሁ» አላልኩም።

ፎቶውን ያነሳሁትም የለቀቅኩትም እኔ ነኝ። እሑድ ማለዳ ነው። ግሩፑን ወደ ላይ ብትስቡት ስሜ አለ። ሱፉን የለበሰው ለመንገድ ነው፤ ሱሪው ሰፍቶት አጥብቤለት ነበር፣ ልክ መሆኑን ልይ ብዬ አቆምኩት። ጥቁርና ነጭ አይደለም። መብራት ስላልነበረ ጨልሞ ነው። ፎቶውን ሦስተኛ ፎቅ ወርጄ ለቀቅኩት። «ዛሬ ይሄዳል፣ ዕቃውን የሚያወርድለት፣ የሚሰናበተው ካለ» የሚለውን ግን ተመልሼ እላይ ሆኜ ጻፍኩት። መልእክቱ አልሄደም።

ድንኳን አልነበረም። ንፍሮም አልነበረም። ሰዉ «ነፍስ ይማር» ብሎ ጻፈና ወደ ጉዳዩ ሄደ። አልፈርድም። እኔም ሌላ ጊዜ እንደዚያው ነኝ።

አንድ ሰው መጣ።

ሠናይት ሻንጣውን በሩ ሥር አድርጋ ነበር። እኔ ብርድ ልብሱን እያጠፍኩ ነበር። ደረጃው ላይ ሩጫ ሰማን። በአንድ እግርህ ጫማ፣ በአንድ እግርህ ሸበጥ ነበር ያደረግከው። ሠናይት በሩን ስትከፍት አንገቷ ላይ ወደቅህ። አታውቅህም፣ አታውቃትም። «ሳልሰናበተው» ነበር የምትለው። ሌላ ቃል ከአፍህ አልወጣም። አንተ፣ ቃል አጥተህ።

ጋሽ ዘውገ ከውስጥ «ማን ሞተ?» አለ። እሱን እንኳ እውነቱን ጽፈሃል።

ድምፁን ስትሰማ እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጥክ።  ከዚያ ያልከው «ስልክህ ቻርጅ አደረገች?» ነው።

«አደረገች» አለህ።

ሠናይት «ማነው?» አለችው። «በየጠዋቱ የሚያንኳኳው» አላት። ሻንጣውን አንስታ ወደ ውስጥ የመለሰችው ያኔ ነው። ንግግር አላደረግክም።

ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ስልክ ቢጮህም ለቴሌግራም የሚሆን ኔትዎርክ የለም፣ ማንያ። ሁላችንም እናውቃለን።

ሦስት መቶ ለምን አስፈለገህ? እሷ የጠየቀችው አንድ ነበር።

15

ማንያዘዋል (አድሚን) እየጻፈ ነው…

 

 

ማንያዘዋል (አድሚን) እየጻፈ ነው…